ሁለቴ የተቀረጸው ፊልም

በጡረታ የተሰናበትሁ ቀን የሲኒማ ቤቱ ሠራተኞች ጋቢ አለበሱኝ። ሥራ አስኪያጁም ብድግ ብሎ፣ "በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ጥፋት ያልተገኘበት ሰው ነው" ሲል መሰከረልኝ። ተጨበጨበ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን አጥፌ ሳስቀምጥ ግን ያች ቃል እንደ እሾህ ወጋችኝ። ሥራ አስኪያጁ አልዋሸም፤ ጥፋት አልተገኘብኝም። ያላጠፋ ሰውና ጥፋቱ ያልተገኘበት ሰው ግን ለየቅል ናቸው።

የተወለድሁት ወረታ ዳር ከሸማኔ ቤት ነው። ፊደል ሳልቆጥር የተበጠሰ ድር መቀጠል አውቅ ነበር። ጎረቤቶቻችን አራሾች ናቸው፤ የአባቴን ኩታ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ አባቴን ግን ማኅበር አያስገቡትም። እኔም ልብ ካወቅሁ ጀምሮ ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ አባቴ እግሩን ከትቶ ከሚሸምንበት ጉድጓድ መውጣት፣ የመንግሥት ሠራተኛ መባል። ይህን የምናገረው ለኋላው ማመካኛ እንዲሆነኝ አይደለም። የሆነውን ለመናገር ግን ከዚህ መጀመር አለብኝ።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ግድም ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆኜ ተቀጠርሁ። መሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ላይ የተጫነ የሲኒማ ማሽን ነበረው። ስለ ወባ፣ ስለ ከብት ክትባት፣ ስለ እርሻ የተሠሩ አጫጭር ፊልሞች ይዘን ገበያ ለገበያ እንዞራለን። ስንት ሰው እንዳየ የሚሞላ ቅጽ ነበር፤ ማንም ስለማይቆጥር ከራሳችን እያወጣን እንሞላዋለን። የፎገራ ሰው ከብት አዋቂ ነውና ፊልሙን አይቶ እንደ ሌላው አገር አይደነቅም፤ ይፈርዳል። አንድ ሽማግሌ ስለ እርሻ ያሳየነውን እስከ መጨረሻው አዩና፣ "በሬዎቹ መልካም ናቸው። ሰውየው ግን አርሶ አያውቅም፤ አለንጋውን አያያዙ ያስታውቃል" አሉ። ኋላ ስንሰማ እውነትም አራሹ ተዋናይ ኖሯል።

ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ተሰማ ናቸው። ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡ ካሜራ አንሽ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው። የሸማኔ ልጅ መሆኔን ሰው ሹክ ቢላቸው ጊዜ እጄን ይዘው ጣቶቼን አገላብጠው አዩና፣ "ክር የሚያውቅ እጅ ፊልምም ያውቃል" ብለው ከተላላኪነት ወደ ረዳትነት አሸጋገሩኝ። የተወለድሁበት ነገር ሲጠቅመኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጋሽ ተሰማ እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ ካሜራ አይነኩም። ፊልሙ የሚያልፍበትን ጠባብ መስኮት የሚያጸዱት በወይራ መፋቂያ ነው፤ ብረት አያስነኩትም፤ "ብረት ይጭራል፣ ጭረቱም አብሮህ ይኖራል" ይላሉ። ብርሃን የሚለኩት መዳፋቸውን ዘርግተው በጣቶቻቸው መካከል የሚወድቀውን ጥላ በማየት ነው። ማንንም ሰው፣ ለማኝም ቢሆን፣ "ይፈቅዱልኛል?" ሳይሉ አያነሡም። ካሜራው ሲዞር ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እኔን ካሜራውን ፊልም ማጉረስ ያስተማሩኝ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ዓይኔን በመቀነት አስረው ነው። ሥራው የሚሠራው እጅን ብርሃን በማያስገባ ጥቁር ከረጢት ውስጥ ከትቶ ነውና። "ዓይንህን እርሳው። እጅህ የሚነግርህን ስማ" ይሉኝ ነበር።

አንድ ልማዳቸው ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። ፊልሙን የሚቀበል መዘውር አንድ ብቻ ስለነበረን፣ የተቀረጸውን ፊልም በጥቁሩ ከረጢት ውስጥ ወደ ገዛ ጥቅልሉ መልሰን እናጠነጥነውና ቆርቆሮው ውስጥ እንከተዋለን። እንዲህ ሲሆን የተቀረጸውና ያልተቀረጸው በመልክ አይለይም። ስለዚህ ጋሽ ተሰማ ለተቀረጸው ቆርቆሮ ሁሉ ወዲያውኑ፣ ከቦታቸው ሳይነሡ፣ ቀይ ክር ያስሩለታል። ኋላ ይህን ሥራ ለእኔ ተዉልኝ።

በዚያ ዘመን ጎንደር የሚኖሩ አቶ ዳምጤ የሚባሉ ሰው ነበሩ። አስተማሪ ነበሩ፤ አስመራና አዲስ አበባ ሲኒማ አይተው ልባቸው የሸፈተ። ያላቸውን ጥሪት አሟጠው ፊልም እሠራለሁ ብለው ተነሡ። ታሪኩ ስለ አንዲት አዝማሪ ነው፤ ጠጅ ቤት ስትዘፍን ኖራ ዓለም በቃኝ ብላ ስለምትመንን። ርእሱን ሦስቴ ለዋውጠውታል። ካሜራውን ከመሥሪያ ቤታችን በደብዳቤ ተዋሱ፤ ጋሽ ተሰማንና እኔንም ከካሜራው ጋር። ተዋናይ የሚያመጡበት አቅም ስላልነበራቸው እውነተኛ አዝማሪ ፈለጉ፤ ወረታ ላይ ያለምወርቅን አገኙ።

ያለምወርቅ ከአንበሳሜ በኩል የመጣች ሴት ነበረች፤ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ትበልጣለች። ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ ግጥም ሲሰጧትም ሳይሰጧትም የማይቸግራት፣ እስክስታ ስትወርድ ትከሻዋ ብቻውን የሚኖር የሚመስል ሴት ናት። አቶ ዳምጤ ታሪኩን ነግረዋት ሲጨርሱ፣

"ይህን ማን ነገረዎ?" አለቻቸው።

"ማንም። ከራሴ ነው የጻፍሁት።"

"እንግዲያስ እግዜር ነው የነገረዎ" አለች።

ነገሩን ያወቅነው ቆይተን ነው። የአራት ዓመት ልጇ በወባ የሞተባት እሷ ጎረቤት ቀበሌ ሰርግ ላይ ስትዘፍን ነበር። የመርዶ ሰው ሲመጣ ሰርገኛው፣ "ሙሽራው ይግባና ንገሯት" ብሎ አቆይቶታል። ሙሽራው እስኪገባ ዘፈነች። ከዚያ ወዲህ ልቧ ከጠጅ ቤት ወጥቷል፤ ጠጅ ቤቱ ግን አልለቀቃትም። በደራ በኩል ካለ አንድ የሴቶች ገዳም፣ ስሙን አልጠራውም፣ ደጅ ጠንታ በአመክሮ ሊቀበሏት ተስማምተው ነበር። ፊልሙን እሺ ያለችው ስለዚህ ነው። ጋሽ ተሰማ፣ "ካሜራ ፊት ይህን ለማድረግ ለምን ፈቀድሽ?" ብለው ሲጠይቋት፣ "ስጨፍር ያየኝ ሁሉ ስመንን ይየኝ። አለዚያ ከገዳሙ በር ድረስ መጥተው ዝፈኝ ይሉኛል" አለቻቸው።

የጠጅ ቤቱን ትዕይንት ወረታ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀረጽነው። ብርሃን እንዲገባ የጣሪያውን ሣር በአንድ በኩል ገልጠነው ነበር። ያለምወርቅ መካከል ላይ ቆመች፤ ካሜራው ሲዞር ከገዛ ልቧ ይህን አወጣች፦

ቅዱለት ለጌታው፣ ጠጁ እንዳይጎድልበት፤
እኔን አትዩኝ እንጂ፣ ሄጃለሁ ከዚህ ቤት።

ጠጪው ቀልድ መስሎት በሳቅ ፈነዳ። እሷም ትከሻዋን ለቀቀችው። ሥራው ሲያልቅ ጋሽ ተሰማ ካሜራውን ሊያጸዱ ወጡ። እኔ ፊልሙን በከረጢቱ ውስጥ አጠንጥኜ ቆርቆሮው ውስጥ ከተትሁ። ክሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። በዚህ መካከል የወረታ ባላባት ልጆች፣ አባቴን ሰላም የማይሉት፣ ከበቡኝና፣ "ያን ካሜራ የምታዘው አንተ ነህ?" አሉኝ። ብርሌ አቀበሉኝ። ከመካከላቸው አስቀመጡኝ። እኔም ቆርቆሮውን እሣጥኑ ውስጥ ወርወር አድርጌ ስለ ካሜራ እተርክላቸው ጀመር። ክሩን ረሳሁት።

በሦስተኛው ቀን ጉማራ ወንዝ ዳር ወረድን። ክረምቱ አልፎ ውኃው ከሜዳው ሸሽቷል፤ ጭቃው ግን ገና አልደረቀም፤ ከብቱ ከሩቅ ይታያል። ገዳሙ ካሜራ ስለከለከለ የያለምወርቅ የነፍስ አባት አባ ተክሌ፣ "ጸሎቱ በማንኛውም ሥፍራ ጸሎት ነው" ብለው እዚያው መስኩ ላይ ጠጉሯን ሊቆርጡላት መጡ። ትወና አልነበረም። ከዚያው በቀጥታ ወደ ገዳሙ ልትሄድ ስንቋን ቋጥራ ነበር የመጣችው።

አቶ ዳምጤ፣ "ምናልባት ሁለት ጊዜ እናነሣው ይሆናል" ሲሉ ያለምወርቅ ሣቅ አለች።

"የሚደገም ጠጉር የለኝም ጌታዬ" አለች።

ጋሽ ተሰማም፣ "አንድ ጊዜ ይበቃል" አሉና ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ "አዲስ ፊልም አጉርስ" አሉኝ።

ከሣጥኑ ክር የሌለበት ቆርቆሮ አነሣሁ። ከረጢቱ ውስጥ ከፍቼ የፊልሙን ጫፍ ፈለግሁ። ካልተነካ ፊልም ጫፍ ላይ ከፋብሪካው የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ጣት ያገኘዋል። ጣቴ ወረቀት አጣ። እጄ ቀጥ አለ። በሙቀት ተልጦ ይሆናል አልሁ ለራሴ። ሌላ ቆርቆሮ ለመክፈት ጥቂት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ነገር ግን ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ አባ ተክሌ መጽሐፉን ገልጠዋል፤ ሰው ሁሉ እኔን ይጠብቃል። "ተሳስቼ ይሆናል" ማለት ሞት መሰለኝ።

"ደረሰ?" አሉ ጋሽ ተሰማ።

"ደርሷል" አልሁ።

ካሜራው ዞረ። አባ ተክሌ እያነበቡ ሹሩባዋን በመቀስ ቆረጡ። ጠጉሯ ጭኗ ላይ ሲወድቅ ዝቅ ብላ አላየችውም፤ ቀጥ ብላ ካሜራውን አየች። አቶ ዳምጤ እንባ ይመጣል ብለው ይጠብቁ ነበር፤ አላለቀሰችም። ጋሽ ተሰማ ካሜራውን አሳርፈው ትንፋሻቸውን ሲለቁ፣ "እንዲህ ያለ ፊት ከዚህ በፊት አንሥቼ አላውቅም" አሉ። ያለምወርቅ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ስንቋን አንጠልጥላ፣ አባ ተክሌን ተከትላ ሄደች።

ፊልሙ ለመታጠብ ውጭ አገር ተልኮ ከብዙ ወራት በኋላ ተመለሰ። ጎንደር አንድ አዳራሽ ውስጥ መስኮት ዘግተን ሦስታችን አየነው። የጉማራው ሲደርስ ጠጅ ቤቱም አብሮ መጣ። የአባ ተክሌ መቀስ ጠጉሯን ይቆርጣል፤ በዚያው ፊት ላይ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ብርሌዎች በመጽሐፉ ላይ ይንሳፈፋሉ። ጠጉሯን የተቆረጠች ሴት እስክስታ ትወርዳለች። አንድ ፊልም ላይ ሁለት ጊዜ ቀርጸናል።

ጋሽ ተሰማ መብራቱ እስኪበራ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ፣ "ክሩን አስረህ ነበር?" አሉኝ።

"አዎ" አልሁ። "ያጠቡት ሰዎች ያበላሹት ይሆናል።"

ፊቴን አላዩም። እጄን ነው ያዩት።

አቶ ዳምጤ ግን በደስታ ዘለሉ። "ይህማ ፈተናዋ ነው! የተወችው ዓለም ሲከተላት! ብናስበው ኖሮ እንዲህ አናገኘውም ነበር" አሉ።

"ይህ አይታይም" አሉ ጋሽ ተሰማ። "ሴትዮዋ በሕይወት ያለች ሰው ናት።"

"ተሰማ፣ ያለኝን ሁሉ አፍስሼበታለሁ። ሌላ የለኝም።"

"እሷስ ሌላ አላት?"

አልተስማሙም። ጋሽ ተሰማ ስማቸው ከፊልሙ እንዲወጣ አስደርገው ወደ ደብረ ታቦር ተመለሱ። ፊልሙን የሚያሳይ ሰው ሲያስፈልግ አቶ ዳምጤ እኔን ጠየቁ፤ እኔም ሄድሁ።

ወረታ ገበያ ላይ፣ ፀሐይ እንደገባች፣ አቡጀዲ ዘርግተን አሳየነው። አገሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር፤ ካህናትም ነበሩ። ያለምወርቅ ብቅ ስትል ሰው በስሟ ጠራት። የጉማራው ሲመጣ መጀመሪያ ጸጥታ ሆነ። ቀጥሎ አንድ ሰው፣ "መነነች አላላችሁም እንዴ?" ብሎ ጮኸ። ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ተቀጣጠለ። ጭብጨባ ተጀመረ፤ ለትከሻዋ እያጨበጨቡ ማስጨፈር ያዙ። አንድ መሪጌታ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡና፣ "ጠጉሯን ተቆርጣ፣ በካህን ፊት!" እያሉ ሄዱ። እኔ ከማሽኑ ጀርባ ቆሜያለሁ። መዳፌን ከመነጽሩ ፊት ባደርግ ሥዕሉ ይጠፋ ነበር። መዳፌን አላነሣሁም።

ወሬው ገዳሙ ለመድረስ አልዘገየም። ያለምወርቅ አመክሮዋን ልትፈጽምና ቆብ ልትቀበል ጥቂት ቀርቷት ነበር። ጋሽ ተሰማ ይህን ሲሰሙ ፈቃድ ጠይቀው፣ እኔን አስከትለው፣ በመኪናም በእግርም ሄዱ። ከመነሣታችን በፊት አለቃችን እኔን ለብቻዬ ጠርተው፣ ለኦፕሬተርነት፣ ማለት ለፊልም አሳይነት፣ ልሾም እንደታሰበ ነግረውኝ ነበር። "ፊልም የሚያበላሽ ግን እዚህ ቦታ የለውም" ብለው ጨመሩበት።

እመ ምኔቷ ደጅ ላይ፣ ዝግባ ሥር ተቀምጠው ተቀበሉን። ጋሽ ተሰማ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

"እመ ምኔት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። በአንድ ፊልም ላይ ሁለት ጊዜ ቀርጬ ነው። ጭፈራው የቀደመ ነው፤ ጠጉሯ የተቆረጠው ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ቀን ነው።"

"የነገሩን ካህናት ናቸው። በዓይናቸው ነው ያዩት።"

"ያዩት እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት ቀን ነው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ወድቆ ነው።"

"ሁለት ቀን እንዴት አንድ ቀን ይሆናል ልጄ?" አሉ እመ ምኔቷ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ግራ ገብቷቸዋል። ቆይተው፣ "ለሷ ብለህ እንዳይሆን እፈራለሁ። አንድ ምስክር ምስክር አይባልም። ጠጉሯን የቆረጡት አባ ተክሌም አርፈዋል። ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?" አሉ።

ጋሽ ተሰማ ወደ እኔ ዞሩ። "ፊልሙን ያጎረሰው ይህ ልጅ ነው። እሱ ይንገረዎት።"

እመ ምኔቷ አዩኝ። "አንተስ? ይህ ሰው የሚለው ነገር እንዲህ ነው?"

አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው። አባቴን አሰብሁ፤ ጉድጓዱን አሰብሁ፤ የአለቃዬን ፊት አሰብሁ።

"እኔ ረዳት ብቻ ነኝ እመ ምኔት። አላውቅም" አልሁ።

እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። "እንግዲህ ምን አደርጋለሁ?" አሉ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። ያለምወርቅ በዚያው ሳምንት ከገዳሙ ወጣች።

ስንመለስ ጋሽ ተሰማ ከፊት ከፊት ሄዱ። መኪናውን ካቆምንበት ስንደርስ፣ "ክር መርሳት ማንም ይረሳል" አሉ። "የዛሬው ግን ያንተ ብቻ ነው።"

ፊልሙን ያበላሹት እሳቸው መሆናቸውን በጽሑፍ አመኑ፤ ከካሜራ ሥራ ተነሥተው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ። ብዙም ሳይቆዩ ለቀው ሄዱ፤ የት እንደገቡ የነገረኝ የለም። ሹመቱን አገኘሁ። በደብረ ታቦር፣ በጎንደር፣ በመጨረሻም በባሕር ዳር፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ፊልም ሳሳይ ኖርሁ። አባቴ ሲሞት ባላባቶቹ ሳይቀሩ ለቅሶ ደርሰውኛል። በሸጥሁት የገዛሁት ይህን ነው።

ጋቢውን ባለበሱኝ በሳምንቱ አንበሳሜ ሄድሁ። ያለምወርቅ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር በምትገኝ ጎጆ ጥጥ እየፈተሉ እንደሚኖሩ ሰምቼ ነበር። በወጣትነቷ አንቺ እላት ነበር፤ አሁን አንቱ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ራሳቸው ላይ ቆብ የለም፤ ያረጀ ነጭ ሻሽ ብቻ አስረዋል። እንዝርታቸውን ሳያቆሙ አዩኝ።

"እንደምን ዋሉ እማሆይ?" አልሁ።

"እማሆይ አይደለሁም። ያን ስም የሰጠኝ የለም።"

ማን እንደሆንሁ ነገርኋቸው። ክሩን፣ ወረቀቱን፣ "ደርሷል" ማለቴን፣ ሁሉን ተናዘዝሁ። "ገዳሙ ደጅ ላይም..." ስል አቋረጡኝ።

"ያን ቀን ከበሩ ኋላ ነበርሁ" አሉ። "ሰምቼሃለሁ።"

 እንዝርታቸውን አሾሩና፣

"አሁን የመጣኸው ለእኔ ነው ለራስህ?" አሉኝ።

"ለራሴ ነው መሰለኝ እትዬ።"

"ነው።" እንዝርቱን አቆሙት። "እኔ ያን ፊልም አላየሁትም። አገር ሲፈርድብኝ የተፈረደብኝን አላየሁም። አንተ አይተኸዋል። ፊልሙ ላይ ጠጉሬ ሲቆረጥ ፊቴ ምን ይመስል ነበር?"

ጋሽ ተሰማ ያሉትን አስታወስሁ። እኔ ግን በፊልሙ ያየሁት ትከሻና ብርሌ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ለእኚህ ሴት እውነት ልናገር አልሁ።

"አይታይም ነበር እትዬ። ጭፈራው ሸፍኖት ነበር።"

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"ያን ጊዜ ስትጠየቅ ዋሸህ" አሉ። "ዛሬ እንኳ ብትዋሸኝ ምን ነበር?"

እንዝርታቸውን አነሡ። ብድግ ብዬ ስሰናበታቸው ጥጣቸውን መፍተል ቀጠሉ፤ እስከ ደጅም አልሸኙኝም።